በላይትሩም ክላሲክ «ካታሎግ» ምንድን ነው?

ላይትሩም ክላሲክ የአዶቢ የፎቶ ማደራጃና ማስተካከያ ፕሮግራም ነው። ከተጠቃሚዎቹ «ላይብረሪዬ ጠፋብኝ፤ የዓመታት ፎቶዎቼ አለቁ» የሚል ሰው በመጣ ቁጥር «ፎቶዎቹን እንደገና ኢምፖርት አድርጋቸውና (ወደ ፕሮግራሙ አስገባቸውና) ይመለሳሉ» የሚል መልስ ይሰጠዋል። ሰሞኑን ይኸው ምክር በሙሉ ልብ ሲሰጥ ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። መካሪው ካታሎግንና ፎቶን አንድ ነገር አድርገው ይዘውታል፤ ምክሩን የተቀበለ ሰው ደግሞ ሳይጠፋ የቆየውን ሥራውን በገዛ እጁ ይጥላል።

ካታሎግ «ኤልአርካት» (.lrcat) በሚል ቅጥያ የሚያበቃ የኤስኪውላይት ዳታቤዝ ፋይል ነው። በውስጡ ዋናው ፎቶ የለም። ያለው መዝገብ ነው፦ ፎቶው በየትኛው ዲስክና ፎልደር እንደተቀመጠ፣ ስንት ኮከብ እንደተሰጠው፣ በየትኛው ስብስብ እንደገባ፣ ብርሃኑና ቀለሙ እንዴት እንደተስተካከለ።

የአንድን መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት እናስብ። ዕቃው በመደርደሪያ ላይ ነው፤ መዝገቡ ግን በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነው። መደርደሪያው ወደ ሌላ ክፍል ቢዛወር መዝገቡ የቀድሞውን ክፍል መጥቀሱን ይቀጥላል፤ ኃላፊውም ባዶ ክፍል አይቶ «ዕቃው ተሰረቀ» ሊል አይገባውም። እንደገና ኢምፖርት ማድረግ ማለት አዲስ መዝገብ ከፍቶ ዕቃውን ከ1 ጀምሮ መቁጠር ነው። ዕቃው ይመዘገባል፤ በአሮጌው መዝገብ ኅዳግ ላይ ለዓመታት የተጻፈው ማስታወሻ ግን አብሮ አይመጣም። ላይትሩም የፎቶውን ዋና ፋይል ሳይነካ ማስተካከያውን ሁሉ በመዝገቡ ላይ ስለሚጽፍ፣ የድካማችን ፍሬ ያለው በዚያ ኅዳግ ላይ ነው። ማስተካከያው ከካታሎጉ ውጭ ወደ ኤክስኤምፒ (XMP) ፋይል፣ ማለትም ከፎቶው ጋር ወደሚቀመጥ የማስተካከያ መዝገብ፣ በራሱ እንዲጻፍ አስቀድሞ ያዘዘ ሰው አብዛኛውን መልሶ ያገኛል፤ ይህ ምርጫ ግን ሲጫን ጀምሮ የበራ አይደለም፣ ቢበራም ስብስቦችንና ቨርቹዋል ኮፒዎችን (ፋይሉ ሳይባዛ በካታሎጉ ውስጥ ብቻ ያሉ የአንድ ፎቶ ተጨማሪ ቅጂዎችን) አይዝም።

የተለመደው ሁኔታ ይህን ይመስላል። አንድ የሰርግ ፎቶ አንሺ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስኩን ነቅሎ ሲመልሰው ዊንዶውስ ትናንት «ኢ» ያለውን ዲስክ ዛሬ «ኤፍ» ይለዋል። በግራ በኩል «ሰርግ»፣ «መልስ»፣ «ቅልቅል» የሚሉት ፎልደሮች የጥያቄ ምልክት ያወጣሉ፤ በፎቶዎቹም ጥግ ላይ ቃለ አጋኖ ይታያል። የጠፋ ነገር የለም። በዊንዶውስ የዲስክ ማኔጅመንት የቀድሞውን ፊደል መመለስ ይበቃል፤ ካልሆነም ከሁሉ በላይ ያለውን ፎልደር በቀኝ ጠቅ አድርጎ «ፋይንድ ሚሲንግ ፎልደር» በሚለው አዲሱን ቦታ ማሳየት ነው። የላይኛው ከተገኘ በሥሩ ያሉት ይከተላሉ።

ፕሮግራሙ ፈጽሞ ባዶ ሆኖ ከተከፈተ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተከፈተው ሌላ ካታሎግ ነው። በዊንዶውስ ኮንትሮልን፣ በማክ ኦፕሽንን ተጭኖ ማስነሣት ካታሎግ ያስመርጣል፤ በዝርዝሩ ከሌለም ዲስኩን በሙሉ «ኤልአርካት» ብሎ መፈለግ ይገባል። መብራት ድንገት ጠፍቶ ካታሎጉ አልከፈት ካለ፣ ከአጠገቡ የቀረው የ«ሎክ» ፋይል ሊሆን ይችላልና ፕሮግራሙ መዘጋቱን አረጋግጦ እርሱን ብቻ ማጥፋት ነው። «ዋል» (wal) የሚል ቅጥያ ያለውን ፋይል ግን አደራ አትንኩት፤ ወደ ካታሎጉ ገና ያልገባ ሥራ ሊኖርበት ይችላል።

«ላይትሩም ሲዘጋ ባክአፕ ስለሚያደርግልኝ ፎቶዎቼ አይጠፉም» የሚሉትም አሉ። ያ ባክአፕ የካታሎጉ ብቻ ነው። የመዝገቡን ፎቶ ኮፒ በካዝና የቆለፈ ኃላፊ ግምጃ ቤቱ ሲቃጠል ዕቃውን ከፎቶ ኮፒው ውስጥ አያወጣውም።

ይህን ሁሉ ስናገር ስለ ላይትሩም ክላሲክ ብቻ ነው። የአፕል የፎቶ ፕሮግራም በሆነው በአፕል ፎቶስ፣ ሲጫን የነበረው ምርጫ ካልተቀየረ በቀር፣ ዋናዎቹ ፎቶዎች ያሉት በላይብረሪው ውስጥ ነው፤ እዚያ «መዝገብ ብቻ ነው» ብሎ ላይብረሪውን የሚሰርዝ ሰው ፎቶዎቹንም ሰርዟል። በ2017 እ.ኤ.አ. ከክላሲክ ተለይቶ የወጣው፣ «ላይትሩም» ብቻ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ዋናውን ፎቶ በክላውድ ያስቀምጣል።

ፎቶዎቹ በእውነት ከተሰረዙ ብቻ የሪከቨሪ (የተሰረዘ ፋይል መልሶ የሚያወጣ) ሶፍትዌር ተራ ይደርሳል። ያን ጊዜ በዲስኩ ላይ አንድም ፋይል አይጻፍ፤ ሶፍትዌሩም በሌላ ዲስክ ላይ ይጫን። ኤስኤስዲ ከሆነ ትሪም የተባለው አሠራር የተሰረዘውን ቶሎ ስለሚያጸዳው ተስፋው ጠባብ ነው። ሆኖም ቀደም ብሎ ስማርት ፕሪቪው (ላይትሩም የሚሠራውን አነስ ያለ የፎቶ ቅጂ) የሠራ ሰው፣ ረጅሙ ጎናቸው እስከ 2,560 ፒክስል የሚደርስ ቅጂዎች ከካታሎጉ አጠገብ ተቀምጠው ይጠብቁታል፤ ከእነርሱም ኤክስፖርት ማድረግ ስለሚቻል፣ ካታሎጉን እንደማይረባ ቆጥሮ ከመሰረዙ በፊት ይህን ይመልከት።