ፕረዘንት ፐርፌክት በጎጃም አንደበት

ፕረዘንት ፐርፌክት ከእንግሊዝኛ የጊዜ አገላለጾች አንዱ ነው። ‹ሃቭ› ወይም ‹ሃዝ› ከግሱ ሦስተኛ መልክ ጋር ሲጣመር ይመሠረታል፦ ‹አይ ሃቭ ኢትን›፣ ‹ሺ ሃዝ ጎን›። ድርጊቱ አልፏል፤ ነገሩ ግን እስከ አሁን ይደርሳል። የጎጃም ተማሪ ‹በልቻለሁ›፣ ‹ሂዳለች› ብሎ ይተረጉመዋል፤ ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ችግሩ ያለው ልክ በማይሆንበት ቦታ ላይ ነው፤ ይህ ዳሰሳም የሚያተኩረው እዚያው ላይ ነው።

አመጣጡ

‹ሃቭ› መነሻ ትርጉሙ ‹አለኝ› ነበር። ሰው ‹የተጻፈ ደብዳቤ አለኝ› እንደሚል ሆኖ ተጀመረ፤ እያደር ‹ጽፌያለሁ› ወደሚለው ዞረ። የእንቅስቃሴ ግሶች ግን ‹ሃቭ›ን ሳይሆን ‹ኢዝ›ን ይይዙ ነበር። ቅሪቱ ዛሬም በትንሣኤ በዓል ይሰማል። እኛ ‹ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን› ስንል እንግሊዞቹ ብዙ ጊዜ ‹ክራይስት ኢዝ ሪዝን› ይላሉ፤ ‹ሃዝ ሪዝን› ሳይሆን።

አማርኛም በራሱ መንገድ ተመሳሳይ ነገር ሠርቷል። ‹በልቶ› ብቻውን ዓረፍተ ነገር አይዘጋም። ‹አለ› ሲጨመርበት ‹በልቷል› ሆኖ ይቆማል።

ግስ ማርባት በጎጃም

ጎጃም ግስ ለማርባት እንግዳ አገር አይደለም። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔና በሰዋስው ስማቸው የታወቀ ነው። ከየኔታ ፊት የተቀመጠ ተማሪ የግዕዙን ‹ቀተለ፣ ይቀትል፣ ይቅትል› እያለ ቀዳማዩን፣ ካልአዩንና ሣልሳዩን በቃሉ ይይዛል። ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ፤ እነዚህ 8ቱ የግስ አርእስት ናቸው፤ ቁጥሩን ከዚህ ለየት የሚያደርጉም ቤቶች አሉ። ከእነዚህ ጋር አብሮ ‹ቦዝ› የሚባለው መልክ ይመጣል፦ ‹ቀቲሎ›፣ ገድሎ ማለት ነው። ስሙ ራሱ ብዙ ይናገራል። ቦዝ የቦዘነ ነው፤ ሌላ ግስ እስኪመጣለት ይጠብቃል። ‹በልቶ›ም የአማርኛው ቦዝ ነው።

እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ደግሞ ‹ጎ፣ ዌንት፣ ጎን›፣ ‹ኢት፣ ኤት፣ ኢትን›፣ ‹ሲ፣ ሶው፣ ሲን› እየተባለ በዜማ ይወርዳል። ከቅኔ ቤት ወደ ዘመናዊ ትምህርት ለተሻገረ ልጅ ዜማው አዲስ አይሆንበትም። ሦስተኛው ረድፍ የፕረዘንት ፐርፌክት ረድፍ ነው። ይህን ረድፍ አጥርቶ ያልያዘ ሰው ‹አይ ሃቭ ዌንት› ይላል፤ ስህተቱ ከጊዜው ሳይሆን ከረድፉ ነው።

በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይም የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ተደነገገ። ባሕር ዳር በ1963 እ.ኤ.አ. ፖሊቴክኒኩን፣ በ1972 እ.ኤ.አ. የፔዳጎጂ አካዳሚውን አገኘች። ኋላ ሁለቱ ተዋህደው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን መሠረቱ። ደብረ ማርቆስና እንጅባራም የየራሳቸው ዩኒቨርሲቲ አላቸው። ክፍለ ሀገሩ ከቅኔ ቤት እስከ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ መምህራን አገር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

‹-አል› እና ‹ሃቭ› የሚለያዩበት

ጎጃም ውስጥ ‹በልቼ፣ ሄጄ› ከማለት ይልቅ ‹በልቸ፣ ሂጀ› ማለት የተለመደ ነው። ድምፁ ይለይ እንጂ ሥራው ያው ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ለደንበጫውም ለአዲስ አበባውም ይሠራል።

የመጀመሪያው ልዩነት ‹ትናንት› ነው። በአማርኛ ‹ትናንት መጥቷል› ቢሉ ማንም ቅር አይለውም። በእንግሊዝኛ ግን ‹ሂ ሃዝ ካም የስተርደይ› አይባልም። ‹የስተርደይ›፣ ‹ላስት ዊክ›፣ ‹ኢን 2010› የመሰለ የተዘጋ ጊዜ ከተጠራ ፕረዘንት ፐርፌክት ይወጣል፤ ‹ሂ ኬም የስተርደይ› ይሆናል። በሕይወት ስለሌለ ሰው ሲነገርም እንዲሁ ነው። በ1893 ዓ.ም. ስላረፉት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በአማርኛ ‹ጎጃምን ገዝተዋል› እንላለን፤ በእንግሊዝኛ ግን ‹ሂ ሩልድ ጎጃም› እንጂ ‹ሂ ሃዝ ሩልድ› አይሆንም። የእሳቸው ዘመን ተዘግቷል።

ሁለተኛው አሳሳች ነው። በአማርኛ ‹ተኝቷል› ስንል አሁን እንቅልፍ ላይ ነው ማለታችን ነው። ‹ቆሟል›፣ ‹ተቀምጣለች›፣ ‹ነጠላ ለብሳለች› ሁሉም አሁን ያለውን ያሳያሉ። እንግሊዝኛው እነዚህን ‹ሂ ኢዝ ስሊፒንግ›፣ ‹ሺ ኢዝ ዌሪንግ› ይላቸዋል። ‹ርቦኛል› ‹አይ አም ሃንግሪ› ነው፤ ‹ደክሞኛል› ‹አይ አም ታየርድ› ነው። መልኩ ‹-አል› ስለሆነ ብቻ ‹ሃቭ› የሚፈልግ ሰው እዚህ ይወድቃል።

ሦስተኛው አሉታው ነው። ‹መጥቷል› የራሱ አሉታ የለውም። ‹መጣ›ም ‹መጥቷል›ም ሲካዱ ‹አልመጣም› ይሆናሉ። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱን ይለያል፦ ‹ሂ ዲድንት ካም› ያለፈ፣ ያበቃ ነው፤ ‹ሂ ሃዝንት ካም ዬት› ገና የሚጠበቅ ነው። ‹ገና አልመጣም› ስንል ሥራውን የሚሠራው ‹ገና› ነው። በእንግሊዝኛ ግን ግሱም መለወጥ አለበት።

አራተኛው ‹ያውቃል› ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያምረው ይህ ነው። አማርኛ ስለ ሕይወት ተሞክሮ ሲጠይቅ ‹-አል›ን ትቶ ቦዙን ከ‹ያውቃል› ጋር ያጋጥማል። ጣና ዳር ጀልባ የሚጠብቅ አስጎብኚ እንግዳውን ‹ዘጌ ሂደህ ታውቃለህ?› ሊለው ይፈልጋል። ቃል በቃል አስቦ ‹ዱ ዩ ኖው ዘጌ?› ካለ፣ ስለ ገዳማቱ በመጽሐፍ ብቻ ያነበበ እንግዳ ‹የስ› ብሎ ይመልሳል። ጥያቄው ሳይመለስ ቀረ ማለት ነው። ትክክሉ ‹ሃቭ ዩ ኤቨር ቢን ቱ ዘጌ?› ነው። ‹ሂጀ አላውቅም› ደግሞ ‹አይ ሃቭ ኔቨር ቢን ዜር›። እዚህ ላይ ‹ቢን› የተባለው ሰው ደርሶ ተመልሷል። ‹ጎን› የተባለው ገና እዚያው ነው፤ ‹ሂ ሃዝ ጎን ቱ ዘጌ› ከተባለ ሰውየውን ባሕር ዳር አትፈልጉት።

እስከ አሁን የሚዘልቅ ነገርም አለ። ክሊኒክ የገባ ሰው ‹ከታመምኩ ሦስት ቀኔ ነው› ይላል። እንግሊዝኛው ‹አይ ሃቭ ቢን ሲክ ፎር ስሪ ደይስ› ነው። ‹አይ አም ሲክ ሲንስ ስሪ ደይስ› ብሎ የሚተረጉም ብዙ ነው። ‹ፎር› ለርዝመቱ ነው፤ ‹ሲንስ› ለመነሻው፦ ‹ሲንስ መንዴይ›።

በዕለት ንግግር

በመጽሐፍ ‹አይ ሃቭ› ተብሎ የተጻፈው በአፍ ‹አይቭ› ይሆናል፤ ‹ዘይ ሃቭ› ‹ዘይቭ› ይሆናል። ‹ሂዝ› ሲባል ‹ሂ ሃዝ› ነው ወይስ ‹ሂ ኢዝ›? ጆሮ ብቻውን አይለየውም፤ የሚለየው ከኋላው የሚመጣው ግስ ነው። ‹አይቭ ጎት ኤ ፔን› ደግሞ መልኩ ፕረዘንት ፐርፌክት ቢሆንም ትርጉሙ ‹እስክሪብቶ አለኝ› ነው፤ ያለፈ ነገር የለበትም።

የእንግሊዞችና የአሜሪካኖች ነገር ያከራክራል። እንግሊዙ ‹ሃቭ ዩ ኢትን ዬት?› ይላል። አሜሪካዊው ብዙ ጊዜ ‹ዲድ ዩ ኢት ዬት?› ይላል። ፊልም እያየ የለመደ ልጅ ሁለተኛውን ይዞ ይመጣል። ስህተት ነው የሚሉ መምህራን አሉ። ስህተት አይደለም፤ የአገር ልዩነት ነው። ፈተና ላይ ግን ‹ጀስት›፣ ‹ኦልሬዲ› ወይም ‹ዬት› ካዩ ‹ሃቭ›ን መምረጥ ሳይሻል አይቀርም።

ዜናም የራሱ ወግ አለው። የእንግሊዝኛ ዜና አዲሱን ነገር በፕረዘንት ፐርፌክት ይከፍታል፦ ‹ኤ ባስ ሃዝ ኦቨርተርንድ›። ዝርዝሩ ሲመጣ ወደ ሲምፕል ፓስት፣ ማለትም እንደ ‹ኬም› ወዳለው ተራ ያለፈ ጊዜ ይገባል። ሬዲዮ እያዳመጠ እንግሊዝኛ የሚለማመድ ሰው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ከሁለተኛው ጋር ቢያስተያይ ልዩነቱን በጆሮው ይይዘዋል።

ሰዓቱም ይቆጠራል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ‹ዛሬ ጠዋት ቡና ጠጥተሃል?› ለማለት ‹ሃቭ ዩ ሃድ ኮፊ ዚስ ሞርኒንግ?› ይባላል፤ ጠዋቱ ገና አላለቀም። ያንኑ ጥያቄ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የሚጠይቅ ሰው ‹ዲድ ዩ ሃቭ ኮፊ ዚስ ሞርኒንግ?› ይላል። አማርኛው በሁለቱም ሰዓት ‹ጠጥተሃል?› እንዳለ ነው።