«አጥንት እስኪይዘው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ፒያሳም ይሁን አራት ኪሎ፣ የጥርስ ኢምፕላንት (በጎደለ ጥርስ ቦታ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚገባ የታይታኒየም ብሎን) ያስገባ ሰው ከክሊኒክ ሲወጣ «አጥንት እስኪይዘው ይጠንቀቁ» ይባላል። ብዙዎች ይህን «ቁስሉ እስኪድን» ብለው ይረዱታል። አይደለም። ድዱ በ2 ሳምንት ገደማ ይገጥማል፤ የታይታኒየሙ ብሎን ከመንጋጋ አጥንት ጋር እስኪዋሃድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል። ሕመም ጠፋ ተብሎ በዚያ በኩል ቆሎ ወይም ቁርጥ ከታኘከ ብሎኑ በጥቂቱ ይወዛወዛል፤ በሚወዛወዝ ብሎን ዙሪያ ደግሞ አጥንት ሳይሆን ለስላሳ ሥጋ ይበቅላል። ያኔ መውጣቱ አይቀርም።

በመጀመሪያው ቀን መጉመጥመጥም በስትሮ መጠጣትም የለም፤ የረጋውን ደም ያነሣዋል። ከ24 ሰዓት በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጦ፣ ከምግብ በኋላ ቀስ ብሎ መጉመጥመጥ ነው። በሽሮ የራሰ እንጀራ ይበላል፤ ሚጥሚጣው ይቆይ። ሲጋራም እንዲሁ።

«ኢምፕላንት አይበሰብስም» የሚለውም እውነት ሆኖ ያሳስታል። ብረቱ አይቦረቦርም፤ ዙሪያው ያለው ድድና አጥንት ግን ቆሻሻ ሲጠራቀምበት ይቆስላል፣ ይሸሻል። ብዙ ጊዜም ሳያም ነው የሚብሰው፤ ሲቦረሽ ደም ከታየ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። የእንጨት መፋቂያ ድዱና ዘውዱ (ብሎኑ ላይ የሚቀመጠው ሰው ሠራሽ ጥርስ) የሚገናኙበት ጥግ በደንብ አይደርስም፤ እዚያ የሚገባው ሽቦው በፕላስቲክ የተሸፈነ ቀጭን የጥርስ መሃል ብሩሽ ነው።

ዘውዱ ብቻ ከተነቃነቀ ብዙ ጊዜ የላላው ማያያዣው ነው፤ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ከተሄደ መልሶ ይጠብቃል። በሱፐር ግሉ መለጠፍ ግን በፍጹም።