የሰብል በሽታን በአፈር ባክቴሪያ መከላከል በወሎ

ጠቃሚ የአፈር ባክቴሪያን ለሰብል ጥበቃ መጠቀም ማለት በሽታ አምጪውን በኬሚካል ከመግደል ይልቅ በሥሩ ዙሪያ በሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ማዳከምና ቦታ ማሳጣት ነው። በወሎ ጉዳዩ የሚነሳው በደጋው ከባቄላና ከምስር፣ በቆላው መስኖ ደግሞ ከቲማቲም ጋር ነው። ይሁን እንጂ እስካሁን በገበሬው እጅ በስፋት የገባው ለበሽታ ተብሎ የተሠራ ባክቴሪያ ሳይሆን የቅርብ ዘመዱ፣ ለጥራጥሬ የሚሰጠው ሕያው ማዳበሪያ ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ስለሚምታቱ እዚህ አንድ ላይ ቀርበዋል።

መሬቱና በሽታው

ወሎ ከቆቦ ሜዳ ተነስቶ 4,260 ሜትር ገደማ እስከሚደርሰው የላስታው አቡነ ዮሴፍ ድረስ የሚዘልቅ አገር ነው፤ የአንዱ ወረዳ በሽታ ለሌላው እንግዳ ሊሆን ይችላል። ለሥር በሽታ ስሙ የሚነሳው ግን በጃማና በወረኢሉ አካባቢ ያለው ዋልካ መሬት ነው። ዋልካ በበጋ እየተሰነጠቀ፣ በክረምት ውኃ እየቋጠረ የሚኖር ጥቁር አፈር ነው። ውኃ ሲተኛበት የባቄላው ሥር አየር ያጣል፣ ይደክማል፤ ያን ጊዜ ፉዛሪየም ሶላኒ የተባለው ፈንገስ ይገባል። የባለሙያዎቹ ስም «ጥቁር ሥር አበስብስ» ነው። ቅጠሉ ይገረጣል፣ ተክሉ ቆሞ ይደርቃል፣ ሲነቅሉትም ያለ ትግል ይወጣል፤ ሥሩ ከሰል መስሏል። ገበሬው «ውኃ ተኝቶበት ነው» ካለ አልተሳሳተም። በሰሜን ምሥራቅ ደጋዎች የተደረጉ ቅኝቶችም በሽታውን ከጥቁር አፈርና ከውኃ መተኛት ጋር አያይዘውታል።

ሽምብራንና ምስርን የሚያጠወልጉት ሌሎች የፉዛሪየም ዓይነቶች ናቸው። ቲማቲምና ድንች ላይ የሚታየው የባክቴሪያ አጠውልግ ግን ራልስቶኒያ ሶላናሲያረም በተባለ ባክቴሪያ ይመጣል። ስለዚህ በቲማቲም ማሳ ባክቴሪያን በባክቴሪያ መከላከል ይሆናል ማለት ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ደጋውን ያስጨነቀው የባቄላ «ቆርምድ» ሌላ ጉዳይ ነው። አምጪው መጀመሪያ ኦልፒዲየም ቪሲዬ ሲባል ቆይቶ በኋላ ፊዞደርማ ቪሲዬ መሆኑ ተገልጿል። ቅጠልና ግንድን የሚያበላሽ በመሆኑ በሥር ዙሪያ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ብዙ መጠበቅ የሚያስኬድ አይመስልም።

ባክቴሪያው ምን ይሠራል

በዚህ ሥራ ሁለት ወገኖች ጎልተው ይጠቀሳሉ፤ ባሲለስና ሱዶሞናስ። ባሲለስ ክፉ ቀን ሲመጣ ጠንካራ ዘረ-ቅንጣት (ስፖር) ሠርቶ ይተኛል። ድርቅንና ሙቀትን ችሎ ዝናብ ሲመጣ ይነቃል። የወሎን በጋ ለሚያውቅ ሰው ይህ ጠባይ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በዱቄት መልክ ተዘጋጅቶ መደርደሪያ ላይ የሚቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከሚያመነጫቸው ፀረ ፈንገስ ውሕዶች መካከል ኢቱሪንና ፌንጂሲን ይገኙበታል። ሱዶሞናስ ዘረ-ቅንጣት ስለማይሠራ በመጓጓዣና በማከማቻ ቶሎ ይሞታል። በእርጥብ አፈር ግን ፈጣን ነው፤ ሥሩን ቀድሞ ይይዛል፣ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ጥቂት ብረት ሲደሮፎር በሚባሉ ውሕዶች ለቅሞ ፈንገሱን ያስርባል። ከዚህም ሌላ አንዳንዶቹ ተክሉን ራሱን ያነቁታል፤ ሥሩ ላይ የሰፈረው ባክቴሪያ ቅጠሉ ለሚመጣበት በሽታ ቀድሞ እንዲዘጋጅ ያደርጋል።

የእውቀቱ ታሪክ ባጭሩ

በሥር ዙሪያ ያለውን የአፈር ክልል «ራይዞስፊር» ብሎ የሰየመው ጀርመናዊው ሎሬንዝ ሂልትነር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1904። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አውስትራሊያዊው አለን ኬር ኬ84 በተባለ ባክቴሪያ የፍራፍሬ ዛፎችን የግንድ ዕባጭ መከላከል እንደሚቻል አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1988 ተመራማሪዎቹ ቶማሾውና ዌለር በስንዴ ሥር ላይ ያለ ሱዶሞናስ በሽታን የሚገታው በሚያመነጨው ፀረ ተህዋስ ውሕድ መሆኑን አረጋገጡ። በአገራችን ፍቅሬ ለሜሳ ከጀርመናዊው ዘለር ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት የራልስቶኒያ አጠውልግን የሚቋቋሙ የሥር ዙሪያ ባክቴሪያዎችን አጥርቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሱዶሞናስ ፍሎረሰንስ በባቄላ የቸኮሌት ነጠብጣብ በሽታ ላይ ተሞክሯል።

ከረጢቱ፦ ሕያው ማዳበሪያ

በወሎ ቀበሌዎች «ባክቴሪያ» የሚባለው ነገር የታወቀው በትንሽ ከረጢት መጥቶ ነው። ከረጢቱ 125 ግራም ራይዞቢየም፣ ማለትም በጥራጥሬ ሥር ላይ ሰፍሮ ናይትሮጅን የሚያዘጋጅ ባክቴሪያ ይይዛል፤ ለሄክታር አራቱ ይበቃል። አሠራሩ ቀላል ቢመስልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዘሩ በስኳር ውኃ ለስለስ ብሎ ይርሳል፣ ዱቄቱ ይነሰነስበታል፣ ሁሉም ፍሬ እስኪጠቁር በእጅ ይታሻል። ይህ ሁሉ በጥላ ሥር ነው፤ ፀሐይ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። ከዚያ ሳይውል ሳያድር ይዘራል፣ አፈርም ቶሎ ይለብሳል። በፀረ ፈንገስ የታሸ ዘር ላይ ከተጨመረ ደግሞ ድካሙ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ይህን የማይነግር የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ቢኖር ግማሹን ብቻ እንዳስተማረ ይቆጠራል። የባቄላው ከረጢት ለሽምብራ አይሆንም፤ እያንዳንዱ ሰብል የራሱ ወዳጅ አለው።

ውጤቱን ለማየት ተክሉ ማበብ ሲጀምር በጥንቃቄ ይነቀላል፣ በሥሩ ላይ ያሉት ዕባጮች በጥፍር ይሰነጠቃሉ። ውስጣቸው ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ እያዘጋጁ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ሥራ የለም። ዕባጭ ባየ ቁጥር በሽታ ነው ብሎ የሚደነግጥ ስለማይጠፋ ይህን ማሳየቱ ጠቃሚ ነው።

ራይዞቢየም በሽታን ይከላከላል ወይ የሚለው አከራካሪ ነው። በቤተ ሙከራ አንዳንድ ዝርያዎች የፉዛሪየምን እድገት ሲገቱ ታይተዋል፤ በደንብ የተመገበ ባቄላም በሽታን የተሻለ ሊቋቋም ይችላል። ሆኖም ከረጢቱን የበሽታ መድኃኒት ነው ብሎ መሸጥ ስህተት ነው። ትራይኮደርማም ከነዚህ ጋር እየተደባለቀ ይጠራል፤ እሱ ግን ባክቴሪያ ሳይሆን ፈንገስ ነው።

ተቋማቱ

በሀብሩ ወረዳ የሚገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የምሥራቅ አማራ ገበሬ ባለውለታ ነው። አቀንጭራን የሚቋቋመውን «ብርሃን» ማሽላ የመሳሰሉ ዝርያዎች ከዚያ ወጥተዋል፤ የጥራጥሬ በሽታ ሥራውም በዚሁ መስመር የሚታይ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በባቄላ ሥር አበስብስ ላይ የሠሩት፣ አገር በቀል ትራይኮደርማን የፈተሹበትን ጨምሮ፣ በአካባቢው ካሉት ሥራዎች አንዱ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ወሎ ሲዘልቅ ሁለቱም ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። የተህዋስያን ክምችት እንደ ወንበር ተገዝቶ አይተካም፤ መብራት ሲቋረጥና ማቀዝቀዣ ሲጠፋ የዓመታት ስብስብ አብሮ ይጠፋል።

በማሳ ላይ

ባክቴሪያ ብቻውን ዋልካን አያሸንፍም። ሰፊ መደብ አውጥቶ ውኃውን በቦይ ማስወጣት፣ ባቄላን ከስንዴና ከጤፍ ጋር ማፈራረቅ፣ የታመመ ተክል ነቅሎ ማስወገድ ቅድሚያ አላቸው። ፍግና ብስባሽ የገባበት የጓሮ መሬት ጠቃሚ ባክቴሪያን በብዛት ያኖራል፤ ችግሩ ፍጉ በደጋው ኩበት ሆኖ መንደዱ ነው። በልግ በሚዘራበት አካባቢ ከረጢቱ ለመኸር ታስቦ ከተላከ አይደርስም፤ ደርሶ ቢተርፍም ለሚቀጥለው ዓመት ማቆየት አይመከርም፣ ባክቴሪያው የሚያበቃበት ቀን ከረጢቱ ላይ ታትሟልና።