ስለ ጀልባ መቀርቀሪያ የሚነገራችሁን ሁሉ አትመኑ

ጎርጎራ ላይ ከጓደኛዬ ጋር የምንጠቀምባት ትንሽ የአልሙኒየም የሞተር ጀልባ አለችን። አንድ ቀን የባትሪው ሳጥን መቀርቀሪያ ተሰበረ። ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ ሲነሳ ክዳኑ ይዘል ጀመር፣ እኔም በአንድ እጄ ክዳን በሌላው መሪ ይዤ እንደምንም ዳር ወጣሁ። ከዚያ ጎንደር መጥቼ ቅዳሜ ገበያን ስዞር የምክሩ ብዛት! ግማሹ ደግሞ ስህተት።

«የሚያብለጨልጭ ከሆነ ስቴንለስ ነው።» እኔን የበላኝ ይሄ ነው። መስታወት የመሰለ መቀርቀሪያ ገዛሁ፣ ክረምቱ ሳይወጣ ብሎኑ ዙሪያ ቡናማ እንባ ማውረድ ጀመረ። ለካ ከላይ ክሮም የተቀባ ተራ ብረት ነው። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ ጭምድድ አድርጎ ከያዘው ተዉት። ትንሽ ሳብ ካደረገው ግን አትደንግጡ፣ ስቴንለስም ሲታጠፍ እንደዚያ ሊሆን ይችላል።

«ማግኔት ካልያዘውስ?» ያኔም ገና ነው። ክሮም የተቀባ የዚንክ ቅይጥም ማግኔት አይዘውም። ገልብጡና ጀርባውን እዩ፤ በቅርጽ የፈሰሰ ግራጫ ነገር ከሆነ ጠርጥሩ።

«ጣና ጨው የለውም፣ ማንኛውም ብረት ይሆናል።» አይሆንም፤ ጨው ዝገትን ያፋጥናል እንጂ ብረት ያለ ጨውም ይዝጋል። 316 የሚባለው ውዱ የስቴንለስ ዓይነት ደግሞ ለባህር ነው፣ ለጣና 304 የሚባለው ይበቃል።

«የቁምሳጥን መቀርቀሪያም ይይዛል።» ቁምሳጥን ሞተር የለውም እኮ! ንዝረቱ ቀስ እያለ ያላቅቀዋል። ክዳኑን ወደ ታች ስቦ ከሥሩ ባለው ጎማ ላይ የሚያጠብቅ ዓይነት ፈልጉ፣ ዳዶውም ውስጡ ፕላስቲክ ያለው ይሁን።

«ካልገጠመ አዲስ ቀዳዳ ትበሳለህ።» አሮጌው ቀዳዳ ውሃ ያስገባል፣ ላሜራውም ይደክማል። የቀዳዳዎቹን ርቀት መሀል ለመሀል ለኩ። እኔ የላይኛውን ብቻ ይዤ መጥቼ የሚያያዝበትን የታችኛውን ጀልባው ላይ ትቼው ነበር። አዲሱ ምላስ አልደረሰለትም። 60 ኪሎ ሜትር ተመልሼ፣ በአዘዞ በቆላ ድባ፣ እንደገና መምጣት! ሁለቱንም ፈትታችሁ ያዙ። የክዳኑን ጎማም ከቀየራችሁ ከመለካታችሁ በፊት ይሁን፣ ወፍራም ጎማ ክዳኑን ከፍ ያደርገዋል።

«ስቴንለስ ከሆነ ዝም ብለህ እሰረው።» ስቴንለስና አልሙኒየም ተነካክተው ውሃ ሲገባቸው የሚበላው አልሙኒየሙ ነው፣ ማለትም ጀልባው። እኔ ከአሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጬ ከሥር አነጠፍኩ፣ ብሎኖቹንም ሲሊኮን ቀባኋቸው።