ድምር ተጋላጭነት ምንድን ነው? ጭሱም አቧራውም አንድ ላይ ሳንባ ሲገቡ

ታክሲ ተራው ጋ በቆሎ እየጠበሱ ሚሸጡ እናት አሉ። ከሰሉን በካርቶን ሲያራግቡ ጭሱና አመዱ ፊታቸው ላይ ነው፣ ከጀርባቸው ሚኒባሱና ቅጥቅጡ ሞተር ሳያጠፋ ቆሞ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ መንገዱ ደሞ ተቆፍሮ ስለቆየ መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ይነሳል፣ ማታ ቤት ገብተው ደሞ በእንጨት እንጀራ ይጋግራሉ። ሲያስላቸው አንዱ "ከሰሉ ነው" ይላል፣ ሌላው "አቧራው ነው" ይላል። ሁሉም አንድ ላይ ነው እንጂ! ድምር ተጋላጭነት ሚባለው ይሄው ነው፣ አንድ ሰው በአንድ ቀንም በእድሜው ሙሉም የተለያየ የአየር ብክለት ተደራርቦ ሲደርስበት ማለት ነው።

ይሄን ለብቻው ማወቅ ለምን አስፈለገ ካላችሁ፣ ልኬቱ ሁሉ ሚወጣው በየአይነቱ ስለሆነ ነው። ለምሳሌ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው መመሪያ ፒኤም 2.5 ሚባለው ደቃቅ ብናኝ በዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይላል፣ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ (ከመኪና ጭስ ጋር ሚወጣ ጋዝ) ደሞ ከ10። ሳንባ ግን ተራ አያሲዝም፣ አንዴ ሲስብ ሁሉንም ነው ሚስበው።

ውስጥ ሚሆነው ነገር እንዲህ ነው። የአየር ቱቧችን ግድግዳ ላይ በአይን ማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ፣ ቀን ከሌት እየተወዛወዙ አክታውን ከነቆሻሻው ወደ ጉሮሮ ይገፋሉ። እንደ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድና ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ያሉ ጋዞች ቱቦውን ያስቆጣሉ፣ እነዚህንም ፀጉሮች ያደክማሉ። በዛው ሰዓት ጥቀርሻው ሲገባ ጠራጊ የለውም፣ እዛው ይቀራል። ፒኤም 2.5 ደሞ ከራስ ፀጉራችን ወደ 30 እጥፍ ስለሚቀጥን እስከ መጨረሻዎቹ የአየር ከረጢቶች ይዘልቃል፣ እዛ ያሉት ቆሻሻና ጀርም ሚውጡ ሴሎች በጥቀርሻ ተጠምደው እያለ ጀርም ቢመጣ ማን ይመክተው? እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ማእድ ቤት ሚውል ህፃን ለሳንባ ምች ሚጋለጠው አንዱ በዚህ መንገድ ነው፣ ይሄ በጣም ሚያሳዝነኝ ነገር ነው።

አንዳንዴ ደሞ ድምሩ ከመደመርም ያልፋል። አስቤስቶስ (ሙቀት ለመከላከል ሚውል፣ ብናኙ ሳንባ ሚጎዳ ክር መሰል ማዕድን) ላይ በሰሩ የአሜሪካና የካናዳ ሰራተኞች ላይ የተሰራና በ1979 የወጣ ጥናት አለ። ሲጋራ ማያጨሰው የአስቤስቶስ ሰራተኛ በሳንባ ካንሰር የመሞት እድሉ ሁለቱም ከሌለበት ሰው 5 እጥፍ ገደማ ነበር፣ አጫሽ ሆኖ አስቤስቶስ ማይነካው 11 እጥፍ ገደማ፣ ሁለቱም ያለበት ግን ከ50 እጥፍ በላይ። 5 እና 11 ቢደመር እኮ 16 ነው!

ለንደንም በታህሳስ 1952 (በፈረንጆቹ) የድንጋይ ከሰል ጭስ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድና ጉም አንድ ላይ ለ5 ቀን ከተማዋ ላይ ተኝተው መጀመሪያ 4,000 ያህል ሰው ሞተ ተባለ፣ በኋላ የተሰሩ ጥናቶች እስከ 12,000 አደረሱት።

ወደኛ ስመለስ፣ ቀለም ቀቢውም ድንጋይ ጠራቢውም "ወተት ጠጣበት ያጥበዋል" ይባላል። ወተቱ ሚሄደው ሆድ ውስጥ ነው፣ ሳንባ አይደርስም። ነጠላ አፍንጫ ላይ መጠቅለልም ትልልቁን አቧራ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ደቃቁን ብናኝና ጋዙን አያስቆምም። ድምር ስለሆነ ግን አንዱንም መቀነስ ይጠቅማል፣ ደረቅ እንጨት ማንደድ፣ መስኮት መክፈት፣ ህፃኑን ከእሳቱ ማራቅ፣ ከተቻለ ከሰሉን ከማርሚታው ትንሽ ፈንጠር አርጎ ማስቀመጥ።

እኚያ እናት ጤና ጣቢያ ሲሄዱ "ሲጋራ ያጨሳሉ?" ተባሉ፣ "በፍፁም ልጄ" አሉ፣ እውነታቸውን ነው፣ በዛው አለፈ። እናንተ ግን ስትሄዱ ባይጠይቋችሁም ሁሉንም ንገሯቸው፣ በምን እንደምታበስሉ፣ የት ቆማችሁ እንደምትውሉ፣ ስራችሁ አቧራ ወይ ቀለም እንዳለው፣ ስንት ዓመት እንደሆናችሁ።