በቨርጂኒያ የጋራ አሳዳጊነትና የልጅ ቀለብ

በአሜሪካ የልጅ ቀለብ አቆራረጥ ከግዛት ግዛት ይለያያል። በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ አካባቢ በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ቨርጂኒያ፣ ተለያይተው የሚኖሩ ወላጆች ልጃቸውን እየተፈራረቁ ሲያሳድጉ የሚሠራበት የራሷ ስሌት አላት። ስሌቱ የሚሠራው ልጁ በዓመት ከ90 ቀን በላይ ከእያንዳንዱ ወላጅ ጋር ሲያሳልፍ ነው። አንድ ቀን 24 ሰዓት ሲሆን፣ ልጁ አድሮ 24 ሰዓት ሳይሞላ ከተመለሰ አብዛኛውን ጊዜ ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ቀን ይያዝላቸዋል።

በመጀመሪያ የሁለቱ ወላጆች ከታክስ በፊት ያለው ወርሃዊ ገቢ ተደምሮ፣ ለዚያ ገቢ በሕጉ ሰንጠረዥ የተመለከተው መነሻ ወጪ በ1.4 ይባዛል፤ ልጁ አልጋና ልብስ በሁለት ቤት ስለሚያስፈልገው ነው። ለምሳሌ አባት 6,000፣ እናት 4,000 ዶላር ቢያገኙና የሰንጠረዡ መነሻ 1,000 ዶላር ነው ብንል፣ ወጪው 1,400 ይሆናል። ልጁ 219 ቀን ከእናቱ፣ 146 ቀን ከአባቱ ጋር ቢያሳልፍ፣ 1,400ው በየወላጁ የገቢ ድርሻና ልጁ ከሌላኛው ወላጅ ጋር በሚያሳልፈው የጊዜ ድርሻ ተባዝቶ የአባት ድርሻ 504 (1,400 × 0.6 × 0.6)፣ የእናት ድርሻ 224 ዶላር (1,400 × 0.4 × 0.4) ይሆንና አባት ልዩነቱን 280 ዶላር በየወሩ ይከፍላል። ቀኑ እኩል ቢሆን ደግሞ 140 ዶላር ይከፍላል። «ቀን ከተካፈልን ቀለብ የለም» የሚለው በየቡና ቤቱ የሚሰማ አባባል ስህተት መሆኑ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል፤ የገቢ ልዩነት እስካለ ድረስ ልጁ በሁለቱም ቤት ተቀራራቢ ኑሮ እንዲኖረው የተሻለ የሚያገኘው ወላጅ ያግዛል። የጤና መድንና ወላጆቹ ሥራ ላይ ሲሆኑ የሚከፈለው የሕፃን መዋያ ወጪም እንደየገቢያቸው ይከፋፈላል።

ዳኛው ከስሌቱ ሊያፈነግጥ ይችላል፤ ለሌሎች የቤተሰብ አባላት በተግባር የሚሰጥ ድጋፍም ሊመለከታቸው ከሚችላቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። አገር ቤት ለወላጆቹ ገንዘብ የሚልክ ሰው ግን ይህን በማስረጃ ማቅረብ ይኖርበታል፤ በራሱ የሚቀነስለት ነገር የለም።

ብዙ ሰው የሚጎዳው በሽማግሌ ፊት ወይም በስልክ በተደረገ የቃል ስምምነት ነው። ቀለቡ የልጁ መብት በመሆኑ ወላጆች በስምምነት ሊተዉት አይችሉም፤ ሥራ ያጣ ወላጅም ማሻሻያ ሳይጠይቅ ወራት ቢያልፉ ያለፈው ዕዳ ወደ ኋላ ተመልሶ አይቀነስለትም። ፍርድ ቤቱ ሊያሻሽለው የሚችለው አቤቱታው ለሌላኛው ወገን ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ የሥራ ስንብት ደብዳቤ በደረሰ ሳምንት ማመልከት ከማንኛውም ድርድር ይቀድማል። ክፍያው ከደሞዝ ተቆርጦ በግዛቱ የልጅ ቀለብ አስከባሪ መሥሪያ ቤት በኩል ሊተላለፍ ይችላል፤ ይህም ማን መቼ ምን ያህል እንደከፈለ መዝገብ ያስቀራል። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው፣ ወይም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆኖ ከወላጁ ጋር የሚኖር ከሆነ ቢበዛ እስከ 19 ዓመቱ ቆይቶ ቀለቡ ቢቋረጥም፣ የተጠራቀመው ውዝፍ ከነወለዱ ይከፈላል።