ከፎም የተሠራችው ሐውልት፦ ስለ ቲያናንመን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ግንቦት 1981 ሲባል አብዛኞቻችን የምናስታውሰው የጄኔራሎቹን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ነው። በዚያው ወር የቻይና ተማሪዎች ዴሞክራሲ እየጠየቁ አደባባይ በወጡባት ቤጂንግ ውስጥ፣ የማዕከላዊ ሥነ ጥበብ አካዳሚ ተማሪዎች 10 ሜትር ያህል ቁመት ያላት፣ በሁለት እጇ ችቦ ያነሳች ሴት ሠርተው ቲያናንመን አደባባይ ላይ አቆሙ። የዴሞክራሲ እንስት አምላክ አሏት። ተማሪዎች ለተቃውሞ ከሠሯቸው ሥራዎች ሁሉ እንደሷ የታወቀ ያለ አይመስለኝም። ስለሷ የሚወራው ግን ብዙው ልክ አይደለም።

«የአሜሪካው የነጻነት ሐውልት ኮፒ ናት።»

ይሄ ዛሬም ድረስ የሚደጋገም ነው። ፎቶዋን ላየ ሰው ያስኬዳል፦ ሴት፣ ረጅም ቀሚስ፣ ችቦ። በእርግጥም የተማሪዎቹ ማኅበር መጀመሪያ ያቀረበው ሐሳብ የኒውዮርኩን ሐውልት እንዲሠሩ ነበር። የቅርጻ ቅርጽ ተማሪዎቹ እምቢ አሉ። አንደኛ፣ ሰው ለአሜሪካ ያደሩ አድርጎ ያየናል ብለው ሰጉ። ሁለተኛ፣ የሌላ ሰው ሥራ መገልበጥ ከሙያቸው ጋር አልሄደላቸውም።

ታዲያ ከምን ተነሱ? ጊዜ አልነበራቸውም፣ የነበራቸው ጥቂት ቀን ነው። ስለዚህ በትምህርት ቤቱ ለልምምድ የተሠራች ትንሽ ቅርጽ አነሱ። ቅርጿ በሁለት እጁ ዘንግ ጨብጦ ክብደቱን የጣለ ወንድ ነበረች። የዘንጉን ታች ቆረጡት፣ ጫፉ ላይ ነበልባል አደረጉለት፣ ሰውነቱን ቀና አደረጉት፣ ወንዱን ሴት አደረጉት። ችቦው በሁለት እጅ የተያዘው ለዚህ ነው። የኒውዮርኳ በአንድ እጇ ነው የምትይዘው። ፊቷ ላይ ደግሞ የሶቪየቷ ቀራጺ ቬራ ሙኪና ተጽዕኖ አለ። ሙኪና ለ1937ቱ (በፈረንጆቹ) የፓሪስ ኤግዚቢሽን የሠራቻቸው የሠራተኛና የገበሬ ሐውልቶች በዓለም ይታወቃሉ። እንግዲህ ልጆቹ የተጠቀሙት እዚያው የተማሩትን የሶሻሊስት አገር የቅርጻ ቅርጽ ዘይቤ ነው። የመንግሥትን ቋንቋ ወስደው ለመንግሥት ጥያቄ አቀረቡበት። እኔን ከምንም በላይ የሚገርመኝ ይህ ነው።

«ከፎምና ከጀሶ የተሠራ ነገር ጥበብ አይባልም» የሚሉም አሉ። ፎሙን የመረጡት ቶሎ የሚቆረጥና ቀላል ስለሆነ ነው። ሐውልቷ በቁርጥራጭ ተሠርታ አደባባዩ ላይ ነው የተገጣጠመችው። የጸጥታ ሰዎች የሚተባበር የመኪና ሾፌር መንጃ ፈቃዱን ይነጠቃል ስላሉ፣ ቁርጥራጮቹን በብስክሌት በሚጎተቱ ጋሪዎች አጓጓዟቸው። ደግሞም አንዴ ከቆመች በኋላ ተፈታትታ እንዳትነሳ አስበው ነው የሠሯት። ማንሳት የፈለገ ሰው ሁሉ እያየው ሊሰብራት ግድ ይለዋል። ይሄ የታሰበበት የጥበብ ውሳኔ ነው።

«የትም ብትቆም ያው ነበረች።»

በፍጹም። ኢንስታሌሽን፣ ማለትም ለአንድ ቦታ ታስቦ የሚቆም የጥበብ ሥራ፣ ግማሹ ቦታው ነው። ግንቦት 22 (በፈረንጆቹ ሜይ 30) ስትመረቅ የቆመችው በሕዝባዊ ጀግኖች ሐውልትና በቲያናንመን በር መካከል ነበር። በሩ ላይ የኮሚኒስት ቻይና መሥራች የማኦ ዜዱንግ ትልቅ ምስል ተሰቅሏል። ፊቷ ወደ እሱ ዞሯል። አደባባዩ ላይ የገባ ሰው ሁለቱን ተፋጠው ያያል፣ ማብራሪያም አያሻውም። ያቺኑ ሐውልት አካዳሚው ግቢ ውስጥ ቢያቆሟት የትምህርት ሥራ ብቻ ሆና ትቀር ነበር።

ምንም አልፈየደችም የሚለው አባባልም ትክክል አይደለም። ግንቦት 12 ወታደራዊ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር። በወሩ መጨረሻ ተማሪው ደክሞት፣ አደባባዩ እየሳሳ ነበር። እሷ ስትቆም ሕዝቡ እንደገና ጎረፈ። የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ሕገወጥ ናት፣ ትነሳ ማለታቸው በራሱ ዝም ብሎ ማለፍ እንዳልቻሉ ያሳያል።

የመጨረሻው፣ ግንቦት 27 ሌሊት ተቃውሞውን ሊበትኑ የገቡ ወታደሮች አፈረሷትና አበቃ የሚለው ነው። መፍረሷ እውነት ነው፣ የቆመችው ለአምስት ቀን ያህል ብቻ ነው። በዚያ ሌሊት በከተማዋ ስንት ሰው እንደተገደለ ሲታሰብ፣ ስለ ፎም ማውራት ሊከብድ ይችላል። ግን ቅጂዎቿ በየአገሩ ቆመዋል። ሳን ፍራንሲስኮ ቻይናታውን ውስጥ የነሐስ አለች። ዋሽንግተን ዲሲ ለምትኖሩ ደግሞ፣ ማሳቹሴትስ አቬኑ ላይ በፈረንጆቹ 2007 የተመረቀው የኮሚኒዝም ሰለባዎች መታሰቢያ እሷው ናት፣ ከዩኒየን ጣቢያ በእግር ይደረሳል። በሆንግ ኮንግ የቻይንኛ ዩኒቨርሲቲም በፈረንጆቹ 2010 አንድ ቅጂ በተማሪዎች ጥረት ገብቶ ነበር፣ የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር እየተቃወመ። እዚያ 11 ዓመት ከቆመ በኋላ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2021) ገና ሳይነጋ ተነሳ።